ሩቂያ ውይይት የገባችበት ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት የግፊት መድኃኒት ልገዛ ጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ከፊቴ የቆመች ወጣት ነርስ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ከሥራ በቀጥታ የመጣች፣ የሙያ ፈቃዷን ለማሳደስ የምታየውን ፍዳ ለጓደኛዋ በስልክ ትዘረዝራለች። ኔትወርኩ ይጠፋል፣ የሥልጠናው ነጥብ አልሞላም ይላታል፣ ፎቶው አልገባ ይላታል። «በቃ ደክሞኛል፣ ጠያቂ የለንም» ብላ ስልኩን ስትዘጋ ከኋላዬ አንድ የማውቀው ጉሮሮ ተጠረገ። የሰው መልክ ይለወጣል፣ ጸጉሩ ይሸሻል፣ ጀርባው ይጎብጣል። ንግግር ሊያደርግ ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግበት መንገድ ግን እስከ መቃብር አብሮት የሚሄድ ይመስለኛል። ሳልዞር አወቅሁት፤ ጓድ መኩሪያ ነው። «ልጄ» አላት ነርሷን፣ «እናንተ የቸገራችሁ ማኅበር ነው። በእኛ ጊዜ ለነርሶች የሚሟገት ማኅበር ነበር። እኚህን ሲስተር ጠይቂያቸው። የነሱን ሁሉ ምዝገባ ያሳደስኩላቸው እኔ ነኝ።» እኔን አይቶ ፈገግ አለ። «ሲስተር ትርንጎ፣ ውሸት ነው እንዴ?»

ያሳደስኩላቸው አለ። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ መቁጠሪያውን በእጁ ጠቅልሎ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንቱ የሚለው ሽማግሌ ሆኗል። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ። ያኔ በአብዮቱ ጊዜ ስለት ለማግባት ቁስቋም ወጥታ የተገኘችን የጽዳት ሠራተኛ በአድኃሪነት ሊያስከስሳት የነበረው ይኸው ሰው ነው። እኔ ንስሐ በገባ ሰው ላይ ክፉ አልናገርም። ግን መኩሪያ ንስሐ የገባ አልመሰለኝም፤ ካኪውን አውልቆ ነጠላ ለበሰ እንጂ ደረቱ እንደተነፋ ነው። ልጅቷ ልትመልስለት ሳይሆን በጨዋ ደንብ ራሷን ነቀነቀችለትና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ሰልፉም ፈቀቅ አልል ሲል፣ ሳልወድ በግድ ያኔ አብረን ወደሠራንበት ጤና ጣቢያ በሐሳብ ተመለስኩ።

ጤና ጣቢያችን እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ዳገቱ ገባ ብሎ፣ የጣሊያን ጊዜ መጋዘን የነበረ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ስሪንጁ የመስታወት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በላምባ ምድጃ እናፈላዋለን፤ የላምባውና የአልኮሉ ሽታ ተቀላቅሎ ልብሳችን ውስጥ ይገባል። አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ሕፃናት እኛን አሽትተው ማልቀስ ይጀምራሉ። ቆባችንን በስታርች አድርቀን እንለብስ ነበር። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚሰጥበት ዘመን ስታርች ከየት ይመጣል? ሩዝ የቀቀልንበትን ውኃ እናስቀምጣለን፤ ሩዝ ሲጠፋ የመኮሮኒ ውኃ። ነጭ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ እናነጣለን። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ባለቤቱ አንድ የቴፕ ክር ብቻ ስለነበረው በእረፍት ሰዓት የምንሰማው ዘወትር ያንኑ የፍቅር ዘፈን ነው። ማርሽ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ያለው መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ሰውዬው ቴፑን ያጠፋል፤ መኪናው ሲርቅ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። እስካሁን ያንን ዘፈን ስሰማ መሃሉ ላይ ጸጥታ የጎደለው ይመስለኛል። ሴት ሁሉ አፍሮ ነው፤ ወንዱ እግሩ ሰፊ ሱሪውን እያስጠበበ ወደ ካኪ እየገባ ነው። ወጣት ነበርን፤ ያም ሆኖ ደስ ይለን ነበር፤ ይህን አልክድም።

መኩሪያ በዚህ ሁሉ መሃል ምን ነበር? የአንሶላ ግምጃ ቤት ኃላፊ። አንሶላና ብርድ ልብስ ይቆልፋል፣ ይከፍታል፣ ይቆልፋል። ለወላድ አንሶላ ስትጠይቀው የገዛ እናቱን ከፈን የጠየቅሽው ይመስል ፊቱ ይጠቁራል። የሠራተኛ ማኅበር ሲቋቋም «ከሰፊው ሠራተኛ ወገን የወጣ» ተባለና ሊቀመንበር ሆነ። ነርሶችና ሐኪሞች ንዑስ ከበርቴ ስለሆንን አይመለከተንም፤ ቁስል የሚያጥቡት ድሬሰሮችና ዘበኞቹ ደግሞ ለስብሰባ ጊዜ የላቸውም፤ ጊዜ ያለው እሱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ካኪ ጃኬት አሰፋ፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰካ፤ ስሙን ሲፈርም ግን ከአንዱም ቀለም አይወርድም፣ ከእኛ ይዋሳል። የአንሶላ ቁልፉን ግን አልተወም። ሥልጣን ማለት ለእሱ መቆለፍ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይገባል፤ ሰው ሹልክ ብሎ እንዳይወጣ መኩሪያ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና ከመጽሔት የተቀዳ ነገር ያነብልናል። እሱ ራሱ የሚያነበው እንደማይገባው ከንባቡ ያስታውቃል፤ አረፍተ ነገር መሃል ላይ ተንፍሶ አዲስ ይጀምራል። እኛ ደግሞ በየመስመሩ እናጨበጭባለን። ለማኅበሩ ከደመወዛችን በየወሩ ይቆረጥ ነበር፤ ምን አገኘን ቢባል ለቀብር የሚመጣ የወረቀት አበባና ይህቺው ሐሙስ ናቸው።

ከሁሉም የሚያስቀው ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ያኔ ግን አያስቅም፤ ያስፈራል። በየተወሰነ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ ጥፋቱን ይናገራል። ቅርጹ ይታወቃል፤ መጀመሪያ ጥፋት፣ ቀጥሎ የጥፋቱ ምንጭ፣ በመጨረሻ «ይህን ጥፋት ዳግመኛ ላልፈጽመው በጉባኤው ፊት ቃል እገባለሁ»። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ስትነገር ጭብጨባ ነው፤ መኩሪያ ይጀምራል፣ እኛ እንከተላለን። ጥፋት የለብኝም ያለ ሰው ትዕቢተኛ ነው፤ ትንሽ ጥፋት የተናገረ ይደብቃል፤ ትልቅ የተናገረ ደግሞ ማን እንደሚያጤነው አይታወቅም። ስለዚህ መካከለኛ ጥፋት ያስፈልጋል። እኛ ነርሶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጥፋት እንከፋፈል ነበር። «ማርፈድን እኔ ወስጃለሁ» ትላለች አንዷ። «እኔ ባለፈው ጊዜ በሥራ ሰዓት ሹራብ መሥራትን ነበር ያልኩት፣ ለማን ላውሰው?» ትላለች ሌላዋ። ሹራብ መርፌ ይዛ የማታውቅ ልጅ ሹራብ በመሥራቷ ስትጸጸት ሰምቻለሁ። አዳራሹ ሙሉ ትልልቅ ሰው፣ ባለ ልጅ፣ ባለ ትዳር፣ በውሸት ጥፋት እንባ እንባ ይለዋል። እንዲህ ያለ ውርደት ነው ዛሬ «በእኛ ጊዜ ማኅበር ነበር» የሚባለው።

ሲስተር ሩቂያ ግን ጥፋት ተውሳ አታውቅም። ሐሙስ ስለማትመጣ ነው። አባቷ ከወሎ መጥተው ጉለሌ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ፤ ስኳርና ላምባ ሲሸጡ ያሳደጓት ልጅ ነች። አጭር፣ ፈርጣማ፣ ቆቧን ከሻሿ ላይ የምታደርግ፤ ወላድ ፊት ስትቆም ድምጿ የሚለዝብ፣ መኩሪያ ፊት ስትቆም የሚወፍር። ነርስም አዋላጅም ስለነበረች ሐሙስ የማዋለጃውን ተራ ከእኛ ሁሉ ላይ ገዛች፤ የእሷን እሑድ እኛ እንሠራለን፣ የእኛን ሐሙስ እሷ። እኛ ውይይት ስንቆለፍ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። እንዲያውም የዳገቱ ሰፈር ሴቶች፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት፣ ሐሙስ መውለድ ዕድል ነው ይሉ ነበር፤ ሩቂያ እጅ ላይ ይወድቃሉና።

ምዝገባችንን የምናሳድስበት ጊዜ ደረሰ። ነርስ ካርዷ ካልታደሰ መርፌ መውጋት አትችልም፣ ማዋለድ አትችልም፤ ካርድ ክፍል ተቀምጣ ቁጥር ትጽፋለች፣ ካልሆነም ቤቷ ትገባለች። ለመታደስ ማመልከቻው በጤና ጣቢያው ኃላፊ መፈረም አለበት። ኃላፊው ሐኪም ነበሩ፤ ጥሩ ሰው ግን ፈሪ። የማኅበሩ ድጋፍ ያላገኘ ሰው ማመልከቻ ላይ አልፈርምም አሉ። መኩሪያ ይህን ሲሰማ ልቡ አበጠ። አንሶላ ሲቆልፍ የኖረ ሰው የነርስን እጅ የሚቆልፍበት ቁልፍ ሰጡት። ማዋለጃ ክፍሉ በር ድረስ መጣ፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ጓዲት ሩቂያ» አለ፣ «ውይይት ላይ የማይሳተፍን ሰው ማኅበሩ አይደግፍም።»

«ወላድ ትቼ ልምጣ?» አለችው።

«የግለሰብ ጉዳይ ከጋራው ጉዳይ አይበልጥም።»

«ምጥ እኮ የውይይት ቀን አይጠብቅም ጓድ መኩሪያ። ሐሙስም ይመጣል።»

«ይህን አባባልዎን ጉባኤው ፊት ይደግሙታል» ብሎ ሄደ። ሩቂያ የሚያስቅ ነገር የሰማች መስላ ቀረች፤ ማታ ግን አብረን ወደ ቤት ስንወርድ አልሳቀችም። «ወላሂ ትርንጎ፣ ካርዴን ከወሰዱብኝ እኔ ምን ነኝ?» አለችኝ። «ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።» በሚቀጥለው ሐሙስ ማዋለጃ ክፍሉ ባዶ እንደሆነ አየችና፣ አንድ ጊዜ ገብቼ አፉን ላዘጋው ብላ ከእኛ ጋር አዳራሽ ገባች። መኩሪያ ሲያያት ፊቱ በራ። በሩን ቆለፈ።

የዚያን ዕለት ርዕስ የሴቶች ነፃነት ነበር። ይህን ፈጥሬ የምናገር የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ግን እንደዚያ ነበር። መኩሪያ የሴት ልጅ ድርብ ጭቆና እያለ ያነባል፤ እኛ እናጨበጭባለን። በመሃል ከውጭ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ሩቂያም ሰማች፤ ብድግ ስትል መኩሪያ ጣቱን አንስቶ አስቀመጣት። «ውይይት አይቋረጥም» አለ። ሁለተኛ ተነሳችና በሩ ጋ ሄዳ እጀታውን ጎተተች፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ነው። «ክፈተው» አለችው፣ አንተ ብላ፣ በሁሉም ፊት። መኩሪያ ግን ንባቡን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ የመዝጊያ መፈክሩን አስባለን፤ ከዚያ ከፈተ። ኮሪደሩ ላይ፣ በሽተኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ፣ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት ብቻዋን ወልዳለች። ከዳገቱ በእግሯ ወርዳ መጥታ፣ ዘበኛው «ውይይት ላይ ናቸው፣ ትንሽ ጠብቂ» ብሏት ነው። ጠበቀች። ሕፃኑ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሩቂያ መሬት ላይ ተንበርክካ እትብቱን ፈታች፣ አፉ ውስጥ ተነፈሰች፣ ደረቱን አሸች፤ ብዙ ቆየች። አልሆነም። ሴትዮዋ አልጮኸችም። «ሐሙስ ነው ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» ብቻ አለች። መኩሪያ አልፎን ሄዶ ግምጃ ቤቱን ከፈተና አንሶላ አመጣ። በሕይወቱ ሳይጠየቅ የሰጠው አንሶላ ያ ብቻ ይመስለኛል። እኔ ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ድጋፍ የሚሰጥበት ጉባኤ ብዙም ሳይቆይ ተጠራ። ከማኅበሩ የበላይ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው ሊታዘብ መጣ፤ ሳፋሪ የለበሰ፣ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ሰው። ሁላችንም ተራ በተራ እየተነሳን ጥፋታችንን ተናገርን፤ እኔ ያን ጊዜ የደረሰኝ ወሬ ማብዛት ነበር። ሩቂያ ምን እንደምትል መኩሪያ አስቀድሞ ነግሯታል፤ «ከውይይት በመቅረት ግለኝነት አሳይቻለሁ ይበሉና እንጨርስ» ብሏት ነበር። እኔም ከጉባኤው በፊት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ለመንኳት። «ሩቂ፣ ያለሽን በይውና ካርድሽን አድኚ። ያቺ ሴት ነገ ደግሞ ታረግዛለች፣ ማን ያዋልዳታል?» አልኳት። ቆቧን አስተካክላ ወጣች። ተራዋ ሲደርስ ተነሳች፤ እኔ የተቀመጥኩበትን አግዳሚ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ስሜ ሩቂያ ነው። ነርስና አዋላጅ ነኝ» አለች። ድምጿ ለወላድ የምትናገርበት ለስላሳው ድምፅ ነበር። «ጥፋት አለብኝ። ጥፋቴ አንድ ሐሙስ ወደዚህ አዳራሽ መግባቴ ነው። የማዋለጃ ክፍሉን ትቼ ገባሁ። በሩ ተቆለፈ። እዚህ ተቀምጬ ስለ ሴቶች ሲነበብ ስሰማ፣ ከበሩ ወዲያ አንዲት ሴት ብቻዋን ወለደች። ልጇ ሞተ። የጥፋቴ ምንጭ ፍርሃት ነው። ካርዴን እንዳትወስዱብኝ ፈርቼ ነው የገባሁት። ይህን ጥፋት ዳግመኛ ላልፈጽመው በጉባኤው ፊት ቃል እገባለሁ።»

አሁን ያዟት ብዬ የሳፋሪውን ሰውዬ አየሁት። መኩሪያ አጨበጨበ። ያችን የመጨረሻ ቃል ሰማ፤ እጆቹ ከእሱ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነሱ። ከዚያ አዳራሹ ተከተለው፤ ድሬሰሩ፣ ካርድ ክፍሏ፣ ወጥ ቤቱ፣ በጭብጨባ ቤቱ ተሞላ። ኃላፊው ሐኪም አንገታቸውን ደፍተው አጨበጨቡ። የሳፋሪው ሰውዬ ሩቂያን ትኩር ብሎ አያትና፣ ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላውቅም፣ እሱም አጨበጨበ። መኩሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዲት ሩቂያ የጠለቀ ግለ ሂስ አድርገዋል» አለ። «ጥፋታቸውን ከነምንጩ አይተዋል፣ ላይደግሙ ቃል ገብተዋል። እንዲደገፉ የምትሉ እጅ አውጡ።» እጅ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ጆሮ እያለው አይሰማም ሲባል ለምሳሌ አልቸገርም። ዓመት ሙሉ ቅርጹን ሲጠብቁ ኖረው፣ እውነት በቅርጹ ውስጥ ስትመጣ አላወቋትም።

ከጉባኤው ወጥተን ልብስ ማጠቢያው ጀርባ አገኘኋት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ «አላህ አወጣሽ» ብዬ አቀፍኳት። እሷ ግን ታለቅሳለች። ካርዷ ተርፎላት ታለቅሳለች። «አንድ ሰው እንኳ አይቆጣም?» አለችኝ። «ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ያስሩኛል ብዬ ነበር። ምነው ልጁ ሞተ ስላቸው አጨበጨቡ?» በኋላ ማመልከቻችንን ይዘን ከተማ ስንወርድ፣ የምዝገባ ቢሮው ጸሐፊ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያንጠለጠለ ትሁት ሰውዬ፣ የማኅበሩን ደብዳቤ ከወረቀቶቻችን ለይቶ መለሰልን። «ይሄን እኛ አንፈልገውም እህቶቼ፣ ማን አምጡ አላችሁ?» አለን። ሩቂያ ደብዳቤውን ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ካርዷን አደሰች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ውይይት የሚባለው ነገር ከነዘመኑ እስኪያልፍ ድረስ ሐሙስ ቀን አዳራሹን ረግጣው አታውቅም፤ መኩሪያም መቅረቷን አንስቶ አያውቅም፤ እሱ ዘንድ ሂሳቡ ተዘግቷል።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ወጣቷ ነርስ መድኃኒቷን ይዛ ወጣች። መኩሪያ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሲስተር ሩቂያስ እንዴት ናት?»

«አምና አረፈች።»

«ወይኔ፣ ነፍሷን ይማር። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች።» ትንሽ አሰበ፤ ፊቱ በራ። «ግለ ሂሷን እኮ መቼም አልረሳውም። በእኔ ሊቀመንበርነት ዘመን እንደሱ የተጨበጨበለት ሰው የለም። ምን ነበር ግን ጥፋቷ?»

የሰፈሩ ሰው አንቱ የሚለውን ሽማግሌ ፊቱን ቀጥ ብዬ አየሁት።

«አንድ ሐሙስ ስብሰባህ ውስጥ መግባቷ» አልኩት።

ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። «ዋናው ማመኗ ነው» አለኝ። «በኋላ እኮ ታርማለች።»